በቃ የሚለው ክንድ

በእኛ ጋራዥ አንድ ደንብ አለ። ጎማውን ማንም ይፍታው፣ ማንም ይግጠመው፣ የመጨረሻው ማጥበቅ የጋሽ ሙሉጌታ ነው። እኔ ዳዶዎቹን አስገብቼ፣ መፍቻው እስኪይዝ ድረስ አዞርና ወደ ኋላ እላለሁ። እሳቸው መጥተው መፍቻውን ይይዛሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቡና «በቃ» ይላሉ። ስድስት ዳዶ ካለ ስድስት ጊዜ በቃ። ወደ እኛ የሚመጡት የሚኒባስ ሾፌሮች ስድስተኛውን በቃ ሳይሰሙ ሞተር አያስነሱም።

«እንዴት ያውቁታል?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያንን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ክንዴ ይነግረኛል» አሉኝ። ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ነካ አደረጉት። «እዚህ ጋ አንድ ነገር ውጥር ይላል። ከዚያ ወዲህ ላላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥጋብ ነው።»

ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ሠሩ። እዚህ ዳዶው ጠብቆ የሄደ ጎማ ወለቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ጋራዡ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ምልክት እንኳ የለውም። ሰው «ሙሉጌታ ጋ» ብሎ ይመጣል።

አሁን የማወራው በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የናትናኤል ሚኒባስ ክሪክ ላይ ቆማ ነበር። ናትናኤል የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ነው፤ ወሬኛና ሳቂታ ሾፌር። ሐሙስ ዕለት ተሳፋሪ ጭኖ ቱላን አለፍ እንዳለ የመኪናዋ የኋላ ክፍል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወርዶ ሲያይ የግራውን የኋላ ጎማ ከያዙት ስድስት ቡሎኖች ሦስቱ ተቆርጠዋል። ተሳፋሪዎቹን አውርዶ፣ እየተንፏቀቀ ወደ እኛ ተመለሰ። አዲስ ቡሎኖች ገዝቶ አመጣ፤ ስድስቱንም ቀየርኩለት።

«ብረቱ ነው ጋሼ» እያለ ጎማው ዙሪያ ይመላለሳል። «ድሮ ብረት ብረት ነበር። የዛሬው እኮ በጥርስ ይሰበራል።»

«እውነትህን ነው» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ብረቱ ነው የተበላሸው።»

እኔ ብረቱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ከሥራ ጠረጴዛዬ በታች አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። ከመስከረም ጀምሮ ተቆርጠው የመጡትን ቡሎኖች እዚያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የናትናኤልን ሦስት ጨምሮ ሰባት ሆነዋል። ሰባቱም አንገታቸው ቀጥኗል፤ ማስቲካ በሁለት ጣት ሲስቡት ከመበጠሱ በፊት መሐሉ እንደሚቀጥነው። ቡሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ስለሚስብ ነው ጎማውን ይዞ የሚያቆየው። ከልኩ በላይ ከለጠጡት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ዕለቱን ምንም አይሆንም። ሳምንት ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ይሄዳል፤ ከዚያ የሚበጠሰው መንገድ ላይ ነው።

የለጠጣቸውንም አውቀዋለሁ። ቧንቧው ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ በመስከረም የቤታቸውን ጣሪያ ሊጠግኑ ወጥተው መሰላሉ ተንሸራተተና በቀኝ ትከሻቸው ወደቁ። አንድ ሳምንት ቀሩ። «ደህና ነኝ፤ ጭረት ናት» አሉን። በስምንተኛው ቀን አንድ ረጅም የውኃ ቧንቧ ተሸክመው መጡ። በግራ ትከሻቸው ነበር የተሸከሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጨረሻ የሚያጠብቁት ቧንቧውን መፍቻው ላይ ሰክተው ሆነ። ሻይ በግራ እጃቸው ይጠጣሉ። እኔ ይህንን ሁሉ አይቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሾፌሮቹ ቧንቧውን ወደዱት። ብረቱ ሲጮህ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። አንዳንዱ «እኔም ልጨምርበት» ብሎ ቧንቧው ጫፍ ላይ ይቆምበታል።

ትምህርት የተውኩት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የእጅ ፓምፕ ነበር። እጀታው ተሰበረና ዘበኛው በያጅ አስበየዱት፤ ግን አጥሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ውኃ ለመቅዳት ሁለት ልጅ እጀታው ላይ መንጠልጠል ነበረበት። የሳይንስ አስተማሪያችን ክፍሉን በሙሉ ወደ ውጭ አውጥተው እኔን ለብቻዬ እንድስብ አዘዙኝ። ተንጠለጠልኩ፤ እግሬ ከመሬት ለቀቀ፤ ፓምፑ አልነቃነቅ አለ። ሁሉም ሳቀ። አስተማሪያችን ግን አልሳቁም። «ጉልበቱ አላነሰም» አሉ። «ያነሰው ርቀቱ ነው። የማዞር ኃይል ጉልበት ሲባዛ በርቀት ነው። ርቀቱን ግማሽ ካደረግህ ጉልበትህን እጥፍ ማድረግ አለብህ።» ስለተሳቀብኝ አልረሳሁትም።

ጋራዥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሽፋኑ የተቀደደ የቶዮታ መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ሥዕሉና ቁጥሩ ግን ይገባኛል። እንደ ናትናኤል ሚኒባስ ላለ መኪና የጎማ ዳዶ አሥር ኪሎ ተኩል በሜትር ይላል። ሥዕሉ ላይ ቆይቼ ፍቺው ገባኝ፤ ከዳዶው አንድ ሜትር ርቀህ አሥር ኪሎ ተኩል ያህል ብትስብ በቃ ነው። የእኛ መፍቻ አርባ ሳንቲ ሜትር ናት፤ ስለዚህ ሃያ ስድስት ኪሎ መሳብ ያስፈልጋል። ቧንቧው ሲሰካባት ግን አንድ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ያኔ ሰባት ኪሎ ይበቃል። ሰባት ኪሎ ማለት የባቄላ ከረጢት ነው።

ይህንን የሚለካ ቁልፍ በዓለም ላይ አለ፤ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል። አንድ ሻጭ ሊያሳየን አምጥቶ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በእጃቸው አገላብጠው መለሱለት። «ክንድ የሌለው ሰው መሣሪያ ነው» አሉት።

እንግዲህ አራት ወር ሙሉ ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። በየማታው ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ጠዋት ፊታቸውን ሳይ ግን መፍቻዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። መፍቻ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከየት ልጀምር? ደክሞኝ ነበር፤ ከሥራው ይልቅ ዝምታው ነው ያደከመኝ።

«ኪሩ» አለኝ ናትናኤል፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ። «ዛሬ ይህቺን ጎማ እንደ ሙሽራ ያዝልኝ። ምን እንደምጭን ታውቃለህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሽማግሌ! አምስት ሽማግሌ፤ ለራሴ። ዲላ ነው የምንሄደው፤ የሐና አባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጠብቃለሁ ብለዋል። ስድስት ሰዓት ላይ መነሳት አለብን።»

ጋሽ ሙሉጌታ ሳቁ። «የራስህን ሽማግሌ ራስህ ትነዳለህ? ሙሽራ ሾፌር!»

«ምን ላድርግ ጋሼ? መኪናዬን ለሰው አላምንም። በራቸው ላይ አወርዳቸውና እኔ ራቅ ብዬ መኪና ውስጥ እደበቃለሁ። ሰውዬው ካዩኝ ጉድ ነው፤ ‹ልጁ አላስችል ብሎት መጣ› ይላሉ።»

«ብትገለብጣቸውስ? አምስት ሽማግሌ ገልብጠህ ማን ሊለምንልህ ነው?»

«እኮ! አጎቴ አለሙም አሉበት፤ ያሳደጉኝ። ከእሳቸው ሌላ አባት የለኝም። ስለዚህ ጋሼ፣ ዛሬ በቃዎን ደህና አድርገው ይበሉልኝ። ካስፈለገ እኔም ቧንቧው ላይ እቆማለሁ፤ ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ።»

ሰባ ስምንት ኪሎ በአንድ ሜትር ተኩል። በልቤ አባዛሁት፤ ከልኩ አሥር እጥፍ በላይ ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሄዱ። ከሥራ በፊት መታጠብ ልማዳቸው ነው። ጎማውን አንስቼ ቦታው ላይ አስገባሁ፤ ስድስቱን ዳዶ በእጄ አዞርኩ። አሁን ካልተናገርኩ መኪናዋ ሄዳ ከይርጋለም ወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ላይሆን ይችላል። ዛሬም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ሰባ ስምንት ኪሎውን ይዞ ከቆመበትማ ዛሬ ነው።

መናገር ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። መንገዱን ተሻግሬ ሙንተሃ ሱቅ ሄድኩ።

ሙንተሃ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ትሸጣለች። ከበሯ ፊት ለፊት የወጠረችው ሸራ አንዱ እግሩ ተሰብሮ ዘምሟል፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጆንያ የምትመዝንበት ክብ ፊት ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን አላት፤ ላዩ ላይ ቀለበት፣ ታቹ ላይ መንጠቆ ያለው።

«ሚዛንሽን ለግማሽ ሰዓት ታውሺኛለሽ?» አልኳት።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «ወይ ጉድ! ይሄ ልጅ አፍ አለው እንዴ? ሦስት ዓመት እዚህ ፊት ለፊት ስቀመጥ ከ‹ደህና ዋልሽ› ሌላ ሰምቼህ አላውቅም። ምን ልትመዝንበት ነው?»

«ክንድ።»

«ምን?»

«የሰው ክንድ… ማለት፣ ሰው ምን ያህል እንደሚስብ።»

«የአንተን ከሆነ አትድከም፤ አይኔ ይመዝነዋል፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ።» ሳቀችና ሚዛኑን አወረደችልኝ። «ዘይት ካስነካኸው ራስህን እሰቅልበታለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ሽንኩርት ይገባልኛል፤ ከዚያ በፊት መልስ።»

ስመለስ ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ ነበር። ቧንቧው በግድግዳው ተደግፏል።

በጋራዣችን ጥግ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ የተጣለ የሚኒባስ አክስል አለ። ዳዶዎቹ ከዝገት የተነሳ ከቡሎኑ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ማንም ፈትቷቸው አያውቅም። መፍቻዋን ከአንዱ ዳዶ ላይ ሰካሁ። ቧንቧውን ሰካሁባት። ሚዛኑን በሽቦ ቧንቧው ጫፍ ላይ አሰርኩ፤ መንጠቆው ላይ ገመድ አደረግሁ። ሁለቱም ቆመው ያዩኛል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«ጋሼ…» አልኩ። «ከማጥበቅዎ በፊት… እስቲ በዚህ ይሳቡት። ይህ ዳዶ አይዞርም፤ አይበላሽም። ክንድዎ በቃ ሲልዎ ያቁሙ። ምን ያህል እንደሆነ ልይ።»

«ሽንኩርት ነኝ እንዴ?»

«ጋሼን በኪሎ ልትሸጣቸው ነው!» አለ ናትናኤል። «ስንት ነው ኪሎው? እኔ ግማሽ እገዛለሁ።»

ጋሽ ሙሉጌታ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር። እኔን አዩኝ፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ሳያዩ አልቀሩም። ገመዱን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቡ። የሚዛኑ ጠቋሚ ቀስት ተነሳች፤ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት ላይ ቆመች።

«በቃ» አሉ።

የሚዛኑ ፊት ወደ እኔ ነው። ለነገሩ ወደ እሳቸውም ቢሆን ያለ መነጽር አያነቡትም፤ መነጽራቸው ሁልጊዜ ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ደንበኛ ፊት አያወጡትም።

«አሥራ ሰባት» አልኩ። «ጋሼ፣ በዚህ ቧንቧ ሰባት ነው የሚበቃው። ቧንቧው ሲረዝም ትንሽ ጉልበት ብዙ ይሆናል። መጽሐፉ ከሚለው ሁለት እጥፍ በላይ ነው እየጠበቀ ያለው። ቡሎኖቹ የሚለጠጡት… ለዚያ ነው።»

በሕይወቴ ለእሳቸው የተናገርኩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ናትናኤል መሳቁን አቆመ።

«የእኔ ቡሎኖች?» አለ።

ወደ ቧንቧው ጠቆምኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ቧንቧው አዩ። የተቆጡ አይመስሉም። የሚያስቡ ይመስላሉ። «እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ቧንቧውን አንሳው። እንደ ድሮው በመፍቻዋ ብቻ አጠብቃለሁ። በመፍቻዋ ብቻ ስንት ነው ልኩ?»

«ሃያ ስድስት።»

«እሰረው።»

ቧንቧውን አወጣሁ። ሚዛኑን በመፍቻዋ ጫፍ ላይ አሰርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁሉ ነገር አለቀ ብዬ። ስህተቱ የቧንቧው ነበር፤ ቧንቧው ሄደ፤ ክንዳቸው ቀረ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ጎንበስ ብለው ገመዱን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስቷ ተነሳች። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት ላይ ቆመች። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀስቷም አብራ ተንቀጠቀጠች፤ ግን አልፋ አልሄደችም። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

«በቃ» አሉ። ዓይናቸውን ገለጡ። «ስንት ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። በቧንቧም አሥራ ሰባት፣ ያለ ቧንቧም አሥራ ሰባት። ክንዱ የሚያውቀው ዳዶውን ሳይሆን ራሱን ነው። ትከሻቸው ድሮ ውጥር ይል የነበረው ሃያ ስድስት ላይ ነበር፤ ከወደቁ ወዲህ አሥራ ሰባት ላይ ውጥር ይላል። በቧንቧ ሲሆን ቡሎኑ ይለጠጣል፤ ያለ ቧንቧ ደግሞ ዳዶው ላላ ብሎ ይሄዳል። እኔ ስለ ቧንቧው ልነግራቸው ፈልጌ ክንዳቸውን መዘንኩባቸው። ደንበኛ ፊት።

ናትናኤል ቆሞ ይጠብቃል። እሳቸውም ይጠብቃሉ። ሃያ ስድስት ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ብል ፊታቸው ይበራል፤ ስድስት ጊዜ በቃ ይላሉ፤ መኪናዋ በላላ ጎማ ዲላ ትሄዳለች። አጎት አለሙ አሉባት።

«አሥራ ሰባት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አልሰማሁህም።»

«አሥራ ሰባት ነው ጋሼ።»

ገመዱን ለቀቁት። ከመንገዱ ማዶ የሙንተሃ ሬዲዮ ይሰማል፤ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው መዳፋቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው ዕቃ ተረስቶ የተገኘ ይመስል።

«ድሮስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ድሮ ስንት ነበርኩ ትላለህ?»

«ሃያ ስድስት ነበሩ» አልኩ። «ልክ መጽሐፉ ያለውን። ባይሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት ጎማ አይቆምም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሸሚዝ ኪሳቸው ሰደዱና መነጽራቸውን አወጡ። ናትናኤል ፊት አደረጉት። አንዱ እግሩ በክር የታሰረ ነው።

«ሚዛኑን ወደ መኪናዋ አምጣው» አሉ። «አንተ ትስባለህ።»

«ጋሼ!» አለ ናትናኤል። «ምን ማለት ነው? የእርስዎ እጅ ሳይነካው? እኔ እኮ እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁት። ኪሩ ጎበዝ አይደለም አላልኩም፤ ግን ይሄ ልጅ ነፋስ ይወስደዋል። ቢያንስ እኔ ትንሽ ልቁምበት።»

«አንተ የምትቆምበት የሐና አባት በር ላይ ነው» አሉት። «እዚህ አትቆምም። ሐሙስ የቆረጥኩብህ ቡሎን የእኔ ሥራ ነው፤ ብረቱ አልነበረም። ገባህ? የእኔ ሥራ ነው። አሁን ዝም በል፤ ቁጥር ላንብብ።»

ናትናኤል ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኪናዋን ከክሪኩ አውርጄ የመጀመሪያውን ዳዶ ሳብኩ። ሚዛኑ በእሳቸው በኩል ነው። ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው የሚዛኑን መስታወት ሊነካ ደርሶ ያነባሉ። «ሃያ… ሃያ ሁለት… ሳብ… ሃያ አምስት… በቃ።» ከዚያ ትይዩውን። ከዚያ ቀጣዩን፤ እየዘለልኩ፣ ጎማው እኩል እንዲቀመጥ። አራተኛው ላይ ክንዴ ዛለ፤ ለእኔ ሃያ ስድስት ኪሎ ቀላል አይደለም። እግሬን ጎማው ላይ ደግፌ ሳብኩ። «በቃ» አሉ። አምስተኛው በቃ። ስድስተኛው በቃ። ድምፃቸው ያው የድሮው ነበር።

ናትናኤል ስድስተኛውን ሲሰማ ሳያስበው ወደ በሩ ሄደ። ልማድ ነው።

«አፖስቶ ስትደርስ አቁምና ሞክራቸው» አልኩት በመስኮቱ። «በመፍቻ፣ በእጅህ ብቻ። እንዳትቆምበት። አዲስ ቡሎን ትንሽ ከሄደ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ሊላላ ይችላል።»

«ኪሩ» አለ፣ ሞተሩን እያስነሳ፣ «ቀስ በቀስ እኮ ሰው ልትሆን ነው።» ወጣና ሄደ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ሽቦውን ከሚዛኑ ላይ ፈታሁ፤ ዘይት የነካውን ቦታ በጨርቅ ጠረግሁ፤ ደግሜ ጠረግሁ። ቀና ማለት ፈራሁ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉ።

ቆርቆሮውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። አንስተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ሰባቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ አዩ፤ የቀጠነውን አንገት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዱን ከሌሎቹ ለይተው ያዙት፤ ከሁሉ የዛገውን።

«ይኼ የማን ነበር?»

«የመስከረሙ ነው። የዚያ የሻሸመኔ ሾፌር።»

«ልጆች ጭኖ ነበር ያኔ።»

«አዎ።»

«ከመስከረም ጀምሮ።» ቡሎኑን ወደ ቆርቆሮው መለሱት፤ ቆርቆሮው ጮኸ። «እኔስ ክንዴን ደበቅሁ፤ እሱ የእኔ ነው። አንተ ግን ለምን ዝም አልክ ኪሩቤል?»

ሙሉ ስሜን አይጠሩኝም። የምመልሰውን ፈለግሁ። አፈርኩ ማለት እችል ነበር፤ እርስዎን ላለማሳዘን ነው ማለትም እችል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም ግን ከዚያ ቡሎን አጠገብ ሳስቀምጣቸው ቀለሉብኝ። ቆርቆሮውን አንስቼ ጠረጴዛው ሥር መለስኩት። ደግመውም አልጠየቁኝም። ከእሳቸው የከፋው ነገር ይህ ነው፤ ደግመው አይጠይቁም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ባጃጅና አንድ ፒክአፕ ሠራን። ለፒክአፑ ዳዶ ሚዛኑ ስላልነበረ በመፍቻዋ እኔ ሳብኩ፤ ጠዋት ክንዴ የተሰማውን ለማስታወስ እየሞከርኩ። እሳቸው በርጩማው ላይ ሆነው መፍቻዋን ሳይሆን ፊቴን ያዩ ነበር። ስድስተኛው ላይ «በቃ» አሉ። ሰኞ ሚዛን እንገዛለን አሉኝ፤ የሚለካው ቁልፍ ስንት እንደሆነም ያንን ሻጭ ጠይቀው አሉ።

ስልካቸው የጮኸው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ናትናኤል ነበር። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ጎማውስ?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«ጎማ ተዉት ጋሼ! ቀጠሮ ሰጡን! ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለዋል፤ አጎቴ ይህ እሺ ማለት ነው አሉ!»

«ጎማውን ነው የጠየቅሁህ።»

«አፖስቶ ላይ ሞከርኳቸው። አልነቃነቅ አሉ። በእጄ ብቻ ነው ደግሞ፤ አልቆምኩበትም።»

«ተመስገን» አሉና ዘጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የደስታ ፊት ነበር ማለት አልችልም። የደከመ ሰው ፊት ነበር። ሻያቸውን በግራ እጃቸው አነሱ፤ ቀኝ እጃቸውን ግን እንደ ሌላው ቀን ከሰውነታቸው ጀርባ አላዞሩትም።

«ጋሼ፣ ቧንቧውን የት ላድርገው?»

ወደ ግድግዳው አዩ። «ለዚያች ልጅ ስጣት፤ ለሙንተሃ። ሸራዋ ዘምሞባታል፤ ምሰሶ ይሆናታል። ሚዛኗን አዘግይተንባት ነበር?»

አላዘገየንባትም፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መልሼላት ነበር። እሷ ግን ዘይት ይሸታል ብላ ደንበኛ ፊት አስሸትታኛለች።

ቧንቧውን አነሳሁትና ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ተሸክሜው አላውቅም ነበር፤ የሚነኩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወፍራም የድሮ ቧንቧ ነው። መንገዱን እስክሻገር ድረስ ሁለት ጊዜ ትከሻ ቀየርኩ። እሳቸው በዚያ በተጎዳ ትከሻ አራት ወር ሙሉ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ እንዴት እንዳነሱት አላውቅም።